በሽፋኑ ላይ ሁለተኛው ስም

ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን ወደ ክፍሉ ስትገባ መምህር እንዳላማው ግንባራቸውን በጠረጴዛው ላይ ደፍተው ነበር። ቀኝ እጃቸው ተዘርግቶ የመቃ ብዕራቸውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። የሐምሌ ጉም ደብረ ማርቆስን ውጦ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቢሆንም ያለ መብራት የሰው ፊት አይለይም።

«ልባቸው ነው» አለ ሳጅን አበረ ከበሩ ላይ ሆኖ። «ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ደረታቸውም ደካማ ነበር አሉ።»

ጥሩብርሃን ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ጢም በባትሪ አየችው። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ጥጥ በከንፈራቸው ጥግ ተጣብቋል። ከአጠገባቸው የነበረውን ትራስ አነሳች። ስፌቱ ተተርትሮ ጥጡ ብቅ ብሏል፤ መሀሉ ደግሞ ገና እርጥብ ነው።

«ልብ ትራስ አይተረትርም፣ አበረ።»

ሳጅኑ አማተበ።

መምህር እንዳላማው ዕድሜያቸውን ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ግን ደብረ ኤልያስ የብራና መጻሕፍት የሚጻፉበትን ቁም ጽሕፈት ተምረው ነበር። ዘጠኝ ዓመት የለፉበትን የአረጋውያን ታሪክ በራሳቸው ወጪ ሊያሳትሙ ሲነሱ፣ የሽፋኑን ፊደል በገዛ እጄ ካልጻፍሁ ብለው ሰውን ሁሉ አስቸገሩ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ወረቀት እሱ ነው። ሦስት መስመር፣ ሁሉም በጥቁር፦ ከላይ «የጮቄ አረጋውያን ቃል»፣ ከሥሩ «እንዳላማው ዘማርያም»፣ ከዚያ በታች «አማረ ወልደ ሰንበት»።

ጥሩብርሃን ጣቷን በምራቋ አርሳ የየመስመሩን ጠርዝ ቀስ ብላ ነካካችው። ሁለቱ መስመሮች ንቅንቅ አላሉም። ሦስተኛው ጣቷን አጠቆረው።

«በሩስ?»

«አልተሰበረም። ጎረቤት እንደሚለው ድምፁን ለማያውቁት ሰው አይከፍቱም ነበር። ሳይጠይቁ የሚከፍቱት ለሦስት ሰው ነው፤ ሦስቱም ሳሎን ናቸው።» ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ናት። ሬሳውንም ያገኘችው እሷ፣ ቤቱም የሚቀረው ለእሷ። አዛዡ ዛሬውኑ አንድ ሰው ይታሰር ብለዋል። ልውሰዳት?»

«እኔ ሳልልህ እንዳትነካት።»

ሳሎን ውስጥ ሦስቱ ተራርቀው ተቀምጠዋል። አንዱ ሲያስል ሁለቱ ይደነግጣሉ። የሰፈር ሴቶች ያመጡላቸው ውኃ እንደተቀዳ ቆሟል፤ የቀመሰው የለም።

ጥሩብርሃን መጀመሪያ የእህታቸውን ልጅ ዜማን ወደ ጓዳ ጠራቻት። ዜማ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በፌስታል የተጠቀለለ ትንሽ ጠርሙስ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ወጣሁ» አለች። «ደብረ ኤልያስ ሄጄ ከመሪጌታ አምደሚካኤል ቀይ ቀለም ተቀበልሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ አልሁ… ጋሼ…»

«ቀለም ከተማው ውስጥ ጠፍቶ ነው ደብረ ኤልያስ ድረስ?»

«የሱቅ ቀይ ዓመት ሳይሞላው ይደበዝዛል ይላል። ጥቁሩን ትናንት ጨርሷል፤ የቀረው ቀዩ ነው። እንደ ቁም ጸሐፊዎች ወግ ጥቁሩ ይቀድማል፣ ለቀዩ ቦታ ይተውለታል፣ በመጨረሻ ይሞላል።»

«ደብረ ኤልያስ መዋልሽን ማን ይመሰክርልሻል?»

«መሪጌታ። ስልክ ግን የላቸውም።» አንገቷን ደፋች። «ያስሩኛል አይደል? ሳጅኑ ሲያየኝ አየሁት።»

«ዋሽተሽኛል?»

«አልዋሸሁም።»

«እንግዲያው ጠርሙሱን አስቀምጪና አረፍ በይ።»

ዜማ ግን ጠርሙሱን ከደረቷ አላነሳችም።

ቀጥላ የገባችው የኔአለም ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ በኮምፒውተር የመጽሐፍ ሽፋንና የሠርግ ጥሪ የምትሠራ ሴት።

«ከመምህር ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ተጣልተናል እንጂ! ሃያ ዓይነት ፊደል አሳየኋቸው። “ፊደሎችሽ እስክስታ የሚወርዱ ይመስላሉ” ብለው ሳቁብኝ። በጥቁር መደብ ላይ ወርቃማ ላድርግልዎ፣ ከሩቅ ይጠራል አልኋቸው። “የቢራ ማስታወቂያ አደረግሽኝ” አሉ። የእሳቸው ልብ የብራና መልክ ላይ ነው። ተጯጩኸናል። ግን ሰው ለፊደል ብሎ ይገድላል?»

«ከዚያም ላነሰ ይገድላል። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አነጋገሩሽ?»

«ዛሬ አራት ሰዓት ተኩል፣ በስልክ። “አንዱ መስመር ቀይ ነው፤ ቦታውን ትቼዋለሁ፣ ቀለሙ ሲመጣ እሞላዋለሁ፤ መደቡን ለቀዩ የሚስማማ አድርጊው” አሉኝ። የትኛው መስመር እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።»

«ሳሎን ያሉት አቶ አማረስ ሽፋኑን አይተውት ያውቃሉ?»

«ባለፈው ሳምንት፣ ለናሙና ያወጣሁትን። የመምህር ስም ብቻ ነበረበት። አዩና ሳቁ።» የኔአለም ወደ በሩ ተመለከተች። «ሳቃቸው ግን ጥርሳቸው ላይ ቀረ። ኢንስፔክተር፣ ከእኛው መካከል ነው አይደል? ከማን ጋር ነው የተቀመጥሁት?»

«ወንበርሽን ወደ ሳጅኑ ጠጋ አድርጊው» አለቻት ጥሩብርሃን።

አማረ በዝግታ ገባ። የመምህሩ የሥራ ባልደረባ የነበረ፣ ለመጽሐፉ ከአገር አገር እየዞረ የሽማግሌ ድምፅ የቀዳ ሰው ነው። ኮቱ ረጥቧል።

«ከይጁቤ መምጣቴ ነው። አንድ አዛውንት ልቀዳ ወጥቼ ጉሙ መለሰኝ። ዛሬ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ይህን ደጅ አልረገጥሁም።»

«መንገድ ላይ ማን አየዎት?»

«ጉም ውስጥ ማን ማንን ያያል፣ እመቤቴ?»

ወረቀቱን አቀረበችለት። «ናሙናው ላይ ስምዎ አልነበረም።»

«አልነበረም። ሉማሜ በእግሬ፣ ይጁቤ በእግሬ፣ እሱ እዚህ ተቀምጦ ይጽፋል፤ ስሙ ግን የእሱ ብቻ! ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽም። ኋላ ግን አሰበበት፤ ይኸው በእጁ ጽፎኛል። ስሜን ያከበረልኝን ሰው ምን ብዬ እገድላለሁ?»

«አጻጻፉን እንዴት አዩት?»

«እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የቆሎ ተማሪ አልነበርሁ፤ ቆንጆ መሆኑን እንጂ ሌላውን አላውቅም።»

«አመሰግናለሁ» አለች ጥሩብርሃን። ስትነሳ ፊቷ ገርጥቶ ነበር፤ አሁን ያወቀችውን ነገር ባታውቀው በወደደች።

ሦስቱንም መምህሩ ወደ ሞቱበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ወንበሩ ግን እንደነበረ ነው። ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም። ሳጅን አበረ ካቴናውን ይዞ ከዜማ ኋላ ቆመ። የብረቱን ቅጭልታ ስትሰማ ወደ የኔአለም ተጠጋች።

«መምህር ጥቁሩን ጽፈው የጨረሱት ትናንት ነው» ብላ ጀመረች ጥሩብርሃን። «ዛሬ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ለቀዩ የተዉት ቦታ ገና ባዶ ነበር፤ ለየኔአለም ነግረዋታል። ሰባት ሰዓት ላይ ሞተው ተገኙ። አሁን ወረቀቱን እዩት። ባዶ ቦታው የታለ?»

ወረቀቱ ላይ ባትሪዋን አበራች።

«የለም። ሦስት መስመር፣ ሦስቱም ጥቁር። ሁለቱ ትናንት ደርቀዋል። ሦስተኛው ዛሬ ጣቴን አቆሸሸኝ፤ የፊደሎቹም እግር ከሌሎቹ ይወፍራል። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ አንድ ሰው ሞልቶታል።»

«ራሱ ይሆናላ!» አለ አማረ።

«ለቀዩ ብለው ልጅቷን ደብረ ኤልያስ ድረስ የላኩ ሰው፣ ተመልሳ እስክትመጣ መታገሥ አቅቷቸው በጥቁር ይሞሉታል? ቁም ጸሐፊ ናቸው እኮ! አይደለም። የሞላው ገዳዩ ነው። ትራሱን ካስቀመጠ በኋላ የሟቹን እጅ ገፋ አድርጎ፣ ብዕራቸውን ከቀለማቸው ነክሮ፣ ከሬሳው ጎን ጎንበስ ብሎ ፊደል ለቀመ።»

የኔአለም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ቤቱ የሚከፈተው ለሦስት ሰው ነው። ዜማ ቦታው የቀይ መሆኑን ታውቃለች፤ ቀለሙን ያመጣችው እሷ ናት። የኔአለምም ሰምታለች። ሁለቱ ቢሆኑ በጥቁር አይነኩትም፤ ነገሩ እንደሚታወቅ ያውቁታል። ያላወቀው አንድ ሰው ነው። የቁም ጸሐፊን ወግ ለማያውቅ፣ ባዶ ባዶ ነው።»

«ይህ ግምት ነው» አለ አማረ። ድምፁ ግን ቀጥኗል። «የእኔ ስም ስለተጻፈ ብቻ…»

ጥሩብርሃን ፊቷን አዞረች። «ዜማ፣ ቀዩ ለምን ነበር?»

«ለስም ነው።»

«ለማን ስም?»

ዜማ አማረን ማየት ፈራች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች።

«“ለእኔ ጥቁር ይበቃኛል፤ በጉም በዝናብ የደከመው አማረ ነው፤ የእሱ ስም በብራና ላይ እንደሚጻፈው እንደ ቅዱሳኑ ስም ይቅላ” አለኝ። “እንዳትነግሪው፣ ሲያየው ይደንግጥ” አለኝ። የጋሽ አማረ ስም ነው።»

አማረ ወረቀቱን አየ። ጣቱን በስሙ ላይ አሳረፈ።

«ባዶ ነበር።»

«መቼ?» አለች ጥሩብርሃን በቀስታ።

«ባዶ ነበር እኮ! በዓይኔ አይቻለሁ። የራሱን ስም አድምቆ ጽፎ፣ ከሥሩ ባዶ! እኔስ ብዬ ጠየቅሁት። “ቆይ ታያለህ” ብሎ ሳቀ። ሲሳለቅብኝ ነው መሰለኝ… ዘጠኝ ዓመት ሙሉ…»

ሳጅን አበረ ከዜማ ኋላ ለቀቀና ወደ እሱ ተሻገረ። ካቴናው ሲገባለት አማረ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተመለከተው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደ ዜማ ዞረ።

«መጽሐፉ… ይወጣል?»

መጽሐፉ አሁን የልጅቷ ነው።

ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ይወጣል። ጋሼ እንዳለው ይሆናል። የእርስዎ ስም በቀይ።»

የአማረ ፊት ከሰል መሰለ።

«አይሆንም» አለ። «ልጄ፣ በቀይ አይሁን። አውጪው፣ ሰርዢው… በቀይ ግን አይሁን፤ በማርያም!»

ሳጅኑ ወደ ውጭ ሳበው። ጉሙ ሁለቱንም ከደረጃው ሥር ዋጣቸው። የሰውየው ልመና ግን ከማይታይ ቦታ እየመጣ፣ መኪናው እስኪነሳ ድረስ ቤቱ ውስጥ ይሰማ ነበር።