የቪራጅ ታንዶን አማርኛ

የሕንድ ፊልም በአማርኛ ድምፅ ለመተረክ ደንብ ያበጁት፣ በድሬዳዋ ቪዲዮ ቤት የነበሩት ጋሽ አያሌውና ባለቤታቸው እትዬ ከበቡሽ ናቸው። ጋሽ አያሌው ማይክሮፎን ጨብጠው በተዋናዩ አፍ ሲናገሩ ተመልካቹ ያነባ ነበር። ከደጃፉ ከወጡ በኋላ ግን ያንን ድምፅ ለወዳጅ እንኳ አያሰሙም። «የተዋሱት ድምፅ ከቤት አይወጣም» ይሉ ነበር።

በ2000ዎቹ መጨረሻ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሚገኝ አንድ ምድር ቤት ውስጥ፣ ቢንያም ሀዲስና ኤፍራታ ደሳለኝ በየእሑዱ ከቀትር በኋላ ይህንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር። እርሷ ለሴት ተዋናዮቹ፣ እርሱ ለዝነኛው ቪራጅ ታንዶን ድምፅ ይሰጣሉ። የታንዶንን ፊልሞች ከወጣትነቱ ጀምረው ተራ በተራ ተርጉመዋል።

የጋሽ አያሌውን ደንብ ኤፍራታ ከአባቷ ሰምታ ስትነግረው ቢንያም ሳቀ። ማታ ማታም በአቅራቢያው ባለችው አሌክሳንድሪያ ወደሚገኘው ቤቷ እየደወለ በዚያው ለስላሳ ድምፅ ያጫውታት ጀመር።

«ዛሬ ፀሐይ ቀድማኝ ፊትሽን አየችው።»

«አንተ ቀጣፊ! ይህን ያለው ቪራጅ ነው።»

«ቪራጅ የሚችለው ሂንዲ ነው። አማርኛው የእኔ ነው።»

ወደደችው።

ዓመታት አለፉ፤ በፊልሞቹ ውስጥ ታንዶን ሸበተ። አፍቃሪ መሆኑ ቀርቶ የሙሽራ አባት ሆኖ ይሠራ ጀመር። ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ የሆነው የቢንያም ድምፅም አብሮ ጎረነነ፤ ትንፋሹ አጠረ። ሽማግሌ ለመላክ ፈቃድ ሊጠይቅ ለአባቷ ለአቶ ደሳለኝ ደወለ።

«ማን ልበል?»

«ቢንያም ነኝ፣ ጋሼ። ለኤፍራታ ሽማግሌ ለመላክ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው።»

«ሽማግሌ የሚልኩት ለልጅዎ ነው?»

«ለራሴ ነው።»



«ጌታዬ፣ ልጄን ለእኩያዬ አልድርም!»

ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ኤፍራታ ተቆጣች። «አባዬ ላይ ትቀልዳለህ?»

«አልቀለድኩም» አለ፣ በዚያው በሽማግሌ ድምፅ።

ኤፍራታ ትክ ብላ አየችው። «ማንን እንደማገባ ሳላውቅ ቀለበት አላደርግም።»

በዚያን ቀን የቀረጹት የታንዶንን የመጨረሻ ፊልም ነበር። ተዋናዩ ዲዳ አባት ሆኖ ስለሚሠራ አንድም ቃል አይናገርም። ኤፍራታ የሴት ልጁን ንግግር ቢንያምን ፊት ለፊት እያየች ተናገረች። እርሱ ከንፈሩን ገጥሞ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያም የቀረጹትን መልሰው ከፈቱት። ልጅቷ ዝም ባለችበት ሥፍራ ሁሉ ሳል ይሰማል። ቀጥሎ አንድ ያረጀ ድምፅ፣ በጠራ አማርኛ፣

«ኤፍራታ» አለ። «ነይ። ልጁን ተዪው።»

የሁለቱም ፊት አመድ መሰለ። የቢንያም ከንፈር አለመነቃነቁን በዓይኗ አይታለች።

«አንተ ተናገር!» አለችው። «ሌላው ሳይሆን አንተ!»

ቢንያም አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሳል ብቻ ነበር። ካፖርቷን አንሥታ ወደ ደረጃው ሄደች። ከድምፅ ማጉያው ያረጀው ድምፅ «ነይ» እያለ ይለማመጣታል።

«ኤ... ኤፍ... ኤፍራታ።»

ቀጭን፣ የሚንተባተብ፣ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነበር። ዞር አለች። ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ።

ፊቱ በላብ ርሷል። እስኪጨርስ ልትጠብቀው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«እን... እንዳትስቂብኝ ብዬ ነው በሱ ድ... ድምፅ የተደበቅኩት። ተሳ... ተሳስቻለሁ።»