የተቆረጠው የስልክ እጀታ

«የኔን ስልክ አንገቱን የቆረጠው ማነው?»

ቬዳ የብየዳ ብረቷን እንደያዘች ከኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ጠረጴዛዋ ቀና አለች። በሩ ላይ የቆመው የዕቃ ግዢ ክፍሉ ጊሪሽ ነው። እጀታ የሌለው የጠረጴዛ ስልክ ታቅፏል። እጀታው ደግሞ እሷ ፊት ሽቦው ተልጦ ተጋድሟል። ወይ ጉድ! በምን አፏ ትካደው?

«ባለቤት የለውም ብለውኝ እኮ ነው...»

«ባለቤቱ ምሳ በልቶ መጣ!»

«ይቅርታ። ከዚህ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር ላገናኘው ነበር። በእጀታው የሚገባውን ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀዳዋል።»

«እንግዲያው ባለቤቱ ራሱ ይሞክረው።»

ሽቦዎቹን በየቦታቸው በየደች። እሷ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ስትይዝ እሱ ወደ አፍ መናገሪያው ጎንበስ አለ። ፊታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። እሱም አፍሮ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገበት።

«ተሰማሽ?»

«ተሰማኝ።»

«እንዲህ ካንኳኳሁ አለሁ ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ምሳቸው አንድ ሆነ። እናቱ በሎሚ የሠሩለትን ሩዝ ይዞላት ይመጣል። ሲስቅ ሳቁ ከታችኛው ፎቅ ይሰማል። የባንጋሎር ከተማ የመኪና ጥሩምባ እንኳ አይሸፍነውም። ቬዳ የወደደችው መጀመሪያ ያንን ድምፅ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ጊሪሽ ዝም አለ። ምሳ መምጣት ተወ። ስትጠራው በጭንቅላቱ ብቻ ይመልሳል። እናቱ ሙሽራ እያፈላለጉለት ነው የሚል ወሬም ደረሳት። ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ሙሽራ ካገኘህ አግኝተሃል! እኔን እንደ ግድግዳ ማየት ግን ምን አመጣው?»

«ቬዳ...» አለ። ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ቧንቧ ሲያፏጭ ደነገጠች። «የምን ሙሽራ? ጉሮሮዬ ላይ ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ድምፄን ከነሥሩ ሊያወጡት ነው... አለዚያ እሞታለሁ።»

እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ተነሳች።

«ሳንቀዳው አይወስዱትም!»

ሆስፒታል ሊገባ ሲል ከሰዓት ላይ ሰሌዳው ፊት ተቀመጡ። እሷ ጆሮዋን፣ እሱ አፉን እጀታው ላይ አደረጉ። እየደከመው፣ ውሃ እየተጎነጨ ተናገረ። በመጀመሪያ እናቱን «አማ...» ብሎ ጠራ። የልጅነት ዘፈኑንም በተሰበረ ድምፁ ዘፈነ። በመጨረሻ ዞሮ አያት።

«በኋላ ስለማልችል አሁን ልድገመው። እወድሻለሁ። እወድሻለሁ፣ ቬዳ።»

እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር።

ቀዶ ጥገናው እንደ ተጠናቀቀ፣ ቬዳ ሰሌዳውንና ኮምፒውተሩን ይዛ በሆስፒታሉ ኮሪደር ከእናቱ ከፑታማ አጠገብ ተቀመጠች። ፑታማ እጀታውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ምንም የለም፣ ልጄ።»

«ትንሽ ይጠብቁ...»

ኮምፒውተሩን አየች። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር ብቻ፤ ድምፅ ቢቀዳ ኖሮ መስመሩ ይወዛወዝ ነበር። ሰሌዳው ላይ ድምፅ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከአፍ በቀጥታ ወደ ጆሮ ይመለሳል፣ ሌላው ወደ መቅጃው ይሄዳል። የመቅጃውን መንገድ ለሌላ ሙከራ ራሷ ዘግታው ነበር፣ መክፈቱን ረሳች! በጆሮዋ እየሰማች ስለነበር የሚቀዳ መሰላት። ማንም ጀማሪ ሲቀዳ መስመሩን ያያል። እሷ ግን መጀመሪያ ፊቱን ስታይ ነበር፣ ኋላም ዓይኗን ጨፈነች።

«አልተቀዳም፣ እማማ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ፑታማ እጀታውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«አማ ሲለኝ ሰምተሽዋል?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«እንዴት አድርጎ አለው?»

«ረዘም አድርጎ... እንደ ሕፃን።»

«አዎ፣ እንደሱ ነው የሚለኝ» አሉና በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ለጊሪሽ ስትነግረው አንገቱ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱም አልዞረም። እሷ ግን መምጣት አላቆመችም። ፑታማ እጁን ሲያሹለት ከበሩ ቆማ ታያለች፣ ትመለሳለች።

አንድ ከሰዓት እጀታውን ከሰሌዳው ጋር አገናኝታ አፍ መናገሪያውን ትራሱ ላይ አስጠጋች። ራሷም አልጋው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን መስሚያው ላይ ደገፈች።

«ይቅር በለኝ አልልህም። ውጪ ካልከኝ እወጣለሁ። ብቻ... አለህ ወይ?»

የሚሰማው የገዛ ትንፋሿ ብቻ ነበር። ጀርባው እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ያለቅሳል ግን ድምፅ የለውም። ልትነሳ ስትል እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መጣ።

ኳ ኳ።

በዓመቱ ተጋቡ። በሠርጋቸው ቀን ሰው ሁሉ ሲዘፍን ሙሽራው አጨበጨበ። ያ ሳቅ፣ ያ «እወድሻለሁ» ዳግመኛ አልተሰማም። ቬዳ አንዳንዴ ልታስታውሰው ትሞክርና እየደበዘዘባት ሲመጣ ብቻዋን ታለቅሳለች።

ሥራ ቦታ ግን ከሰዓት ላይ የጠረጴዛዋ ስልክ ይጮኻል። እጀታውን ታነሳለች። ወዲያ ማዶ ማንም አይናገርም።

ኳ ኳ።

«እኔም አለሁ» ትላለች።