ያልበራችው አይጥ

ያልበራ ነገር ድኗል ማለት ነው ወይስ አልታየም ማለት? ሚጣ ኮምፒውተሩ ፊት ስትቆም ይህ ጥያቄ ጭራሽ አልመጣላትም። ስክሪኑ ላይ ሦስት አይጦች ተኝተዋል። ሁለቱ ሆዳቸው ላይ ቀይና ቢጫ ብርሃን ተረጭቶባቸዋል። አዲሱን መድኃኒት የወሰደችው ሦስተኛዋ ግን ድርግም ብላለች።

ላብራቶሪው የአክስቷ የእቴቴ ነው። እዚያ የካንሰር ሴሎችን እንደ አብሪ ጥንዚዛ እንዲያበሩ አድርገዋቸዋል፤ አይጧ አንድ ፈሳሽ ስትወጋ ብርሃን ይሰጣሉ። ብርሃኑ ለዓይን ስለማይታይ፣ የደነዘዘችውን አይጥ ጭላንጭል በማያስገባ ሳጥን ውስጥ አስተኝተው በካሜራ ያነሷታል።

እቴቴ እጇን ልትታጠብ ወጣ ስትል ሚጣ ስክሪኑን በስልኳ አንስታ ለቀጮ ላከችው። ቀጮ የዴስክ ጓደኛዋ ናት። እሷም ካንሰር ይዟት ሌላ ከተማ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ፣ ሚጣ ማንም እንዳይቀመጥበት ቦታዋ ላይ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች።

«መድኃኒቱን የወሰደችው ጨልማለች። በሽታው ጠፍቷል!»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«እማዬን በደስታ አስለቀስኳት። እኔም ልጨልም ነው በያ!»

ወዲያው ቀጮ የፕሮፋይል ፎቶዋን ቀየረች። የጨለመችውን አይጥ አደረገቻት።

እቴቴ ተመልሳ ስክሪኑን አየችና ፊቷ ቅጭም አለ።

«ይቺ ነገር አልጣመችኝም።»

«ለምን? ድናለች እኮ።»

«እንዲህ በአንዴ? መርፌው ስቶኝ አንጀቷ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ፈሳሹ ካልደረሳቸው ሴሎቹ አያበሩም፤ አሉ፣ ግን አይታዩም። ነገ እንደግመዋለን። ለሰው አላወራሽም አይደል?»

«ኧረ እኔ!» አለች ሚጣ፣ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄደች። እቴቴ አይጧን በጥንቃቄ ወጋቻት፣ ጠበቁ፣ የሳጥኑን በር ዘጉ። ምስሉ ሲመጣ የአይጧ ሆድ ቦግ ብሎ ነበር፤ ከሁለቱ አያንስም።

«አልሠራም ማለት ነው?»

«በእሷ ላይ አልሠራም። ገና ሌሎች አይጦች አሉ፣ ሚጣዬ።»

ሚጣ አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ስልኳን ከፈተች። የጨለመችው አይጥ አሁንም ከቀጮ ስም ጎን አለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች።

«ትናንት የነገርኩሽ ስህተት ነው። አይጧ አልዳነችም፣ መርፌው ስቶ ነው ያልበራችው። ልደብቅሽ ነበር፣ አቃተኝ። ከእንግዲህ የማየውን ሁሉ እንዳለ እነግርሻለሁ። ይቅርታ፣ ቀጮዬ።»

ላከችው። መልእክቱ እንደተነበበ የሚያሳየው ምልክት ሰማያዊ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ የአይጧ ፎቶ ጠፋና ቦታው ባዶ ክብ ሆነ።

ጠዋት ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ መጥቶ «ልቀመጥ?» አላት።

«ሰው አለበት» አለች ሚጣ፣ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳትስብ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ፣ ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ከቀጮ መልስ አልመጣም።