ያልቆመው ማሽን

በ1963 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ የፋብሪካው ኮምፒዩተር ኃላፊ ሹክሪ ከማሽኑ አጠገብ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን በብረት መፍቻ ተመቷል። ሻምበል ዒጋል ሲደርስ ፖሊሶቹ ለኮምፒዩተሩ የትእዛዝ ካርድ የምትበሳዋን ሑዳን እጇን ይዘዋታል። የቸኮለ እስር ደሙን የሚያፈላው ሻምበል «ልቀቋት፤ የትም አትሄድም» አለ።

ዘበኛው ዋርፋ እንደ ድሬዳዋ ልጅ ወግ የሻምበሉን ማዕረግ ከምንም አልቆጠረውም።

«አቦ ስማኝ! ሠራተኛው ሁሉ በስድስት ሰዓት ለቀትር እረፍት ወጣ። ሹክሪና ረዳቱ ጋሽ ጉግሳ ብቻ ቀሩ። ጋሽ ጉግሳ በሰባት ወጣ፤ እሷ በሰባት ተኩል ገባች። ማሽኑ እስከ ስምንት ተኩል ሲንጣጣ ሰምቻለሁ። ሌላ ሰው አልገባም፣ ወላሂ!»

«ማሽኑ ቢንጣጣስ?»

«ሰው ካልነካው ይቆማላ! አንድ ሥራ ሲጨርስ ዝም ይላል፤ ቁልፍ ሲጫኑለት ይቀጥላል። ሰባት ዓመት የሰማሁት ነው።»

እንግዲህ ሹክሪ እስከ ስምንት ተኩል በሕይወት ነበረ፤ ግቢው ውስጥ የነበረችውም ሑዳ ብቻ ናት። በዚያ ሙቀት ቤቱ ያልተኛ ሰው ደግሞ ድሬ ላይ ሳይገድልም ይጠረጠራል።

«ቤቴ እሳት ነው» አለች ሑዳ እያለቀሰች። «ለቅዝቃዜው ብዬ ነው ቀድሜ የምመጣው። ከጎን ባለው ክፍሌ ካርድ ስበሳ ነበር፤ የሹክሪ በር ዝግ ነበር።»

የሟቹ ረዳት ጉግሳ ግን ከረባቱን አስተካክሎ፣ ረጋ ብሎ መጣ።

«ሹክሪ ኮምፒዩተሩን የሚመራው ሲስተም በአዲስ ይቀየር እያለ ያስቸግር ነበር። ይፈጥናል፣ አልክድም። ሥራ ከደረደሩለት ሁሉንም ብቻውን ይጨርሳል። ግን ስሕተት ሲገባም ይዞ ብቻውን ይሮጣል። አሮጌው ይቆማል፣ ይጠይቃል፣ ሰው ያየዋል።»

«አዲሱ ሲሠራ አይተውታል?»

«የት አይቼው! የመጣበት ሣጥን እንኳ አልተከፈተም።»

ሻምበሉ ከማተሚያው የወጣውን ረጅም ወረቀት አገላብጦ ወደ ሑዳ ክፍል ገባ። ጠረጴዛዋ ላይ የቆመ ምስማር አየ።

«ይሄ ምንድነው?»

«በእጅ ጽፈው የሚያመጡልኝን ማዘዣ ከበሳሁ በኋላ እሰካበታለሁ። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ እንዳለ ነው የምበሳው።»

ከላይ ያሉትን ማዘዣዎች አንብቦ አንዱን ኪሱ ከተተና ዋርፋን፣ ሑዳንና ጉግሳን ማሽኑ ዙሪያ አቆማቸው።

«ማሽኑ አንድ ሥራ ጨርሶ ሲቆም ወረቀቱን ማን ይቆርጣል?»

«ኃላፊው፤ ቆርጦ ይፈርምበታል» አለች ሑዳ።

«ይህ የአምስት ሥራ ወረቀት ነው፤ አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ስለዚህ ማሽኑ አልቆመም። ካልቆመ ዛሬ የሠራው በአዲሱ ሲስተም ነው። አዲሱ ደግሞ ሰው አይፈልግም፤ ሹክሪ ከሞተ በኋላም ይንጣጣል። ዋርፋ የሰማው ሬሳ አጠገብ የሚሠራ ማሽን ነው። ሞቱ ከሰባት ሰዓት በፊት ሊሆን ይችላል። ያኔ ከሹክሪ ጋር ማን ነበር?»

ዋርፋ ቀስ ብሎ ጉግሳን አየው።

«ሣጥኑ አልተከፈተም አልኩ እኮ!»

«ብለዋል፤ ለምን እንደዋሹ ነው የገረመኝ።» ሻምበሉ ማዘዣውን አነበበ። «‹ሥራዎቹን የሚለዩ አምስት ካርዶች ይበሱልኝ፤ ዛሬ ለአዲሱ ሲስተም መሞከሪያ።› የዛሬ ጠዋት ቀንና የእርስዎ ፊርማ አለበት።»

ፖሊሶቹ ከሑዳ ራቅ አሉ። ጉግሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አዲሱን አብረን አስነሣነው። የመጀመሪያው ሥራ ሲያልቅ ልማድ ነውና እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። ሹክሪ ሳቀብኝ። ‹ተወው ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ መጋዘን ትወርዳለህ› አለኝ።» ማሽኑን ቀና ብሎ አየው። «ሹክሪን ከመታሁትም በኋላ እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ፣ ሻምበል። ሁለተኛው ሥራ አለቀ፤ ሦስተኛው ተጀመረ። ማሽኑ አንዴ እንኳ አልፈለገኝም።»