በሰማያዊው ማስቀመጫ ያደረ ጽጌረዳ

ፋይዛ ጠዋት ሳሎኑን ልትጠርግ ስትገባ አያ ጀሚልን ከመደርደሪያው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው አገኘቻቸው። አጠገባቸው ወንበር ተገልብጧል፤ አንድ የነሐስ የአበባ ማስቀመጫም ወለሉ ላይ ወድቋል። ለለቅሶ የደረሰው የከሚሴ ጎረቤት ወዲያው ፈረደ፤ ሽማግሌው ከላይ እቃ ሊያወርዱ ወጥተው ወደቁ፣ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው አለ።

ኢንስፔክተር ኢማን ግን ለፍርድ የምትቸኩል ሴት አልነበረችም። በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን አንድ በአንድ ተመለከተች። ጀሚል በጭነት መኪና ሹፌርነት ዘመናቸው ከአሰብና ከጅቡቲ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ከባቲ ገበያ የለቀሟቸው አሮጌ የአበባ ማስቀመጫዎች ግድግዳውን ሞልተውታል። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ በዚህ ቤት የሚያብረቀርቀው ነገር ይኸው ብቻ ነበር። መስኮቱ ሥር ያለው ካርቶን በጋዜጣ በተጠቀለሉ ማስቀመጫዎች እስከ ግማሹ ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ ነጭና ሰማያዊ የቻይና ሸክላ ቆሟል፤ የያዘው ጽጌረዳ አንገቱን ደፍቷል።

ኢማን የጠረጴዛውን ልብስ በጣቷ ነካች። ርጥብ ነበር። ማስቀመጫውን አንስታ ወደ ውስጥ አየች። ጠብታ ውሃ የለውም።

«አበባውን ማን ቆረጠው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ፋይዛ። ቤቷ ከጀሚል ግቢ ጋር ይዋሰናል፤ ለዓመታት ቤታቸውን ስታጸዳላቸው ኖራለች። «ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ከግቢው ቆርጬ አስገባሁላቸው።»

«በዚህኛው?»

ፋይዛ ጠረጴዛውን ገና አሁን አየችው። «አይ፣ በአረንጓዴው ወፍራም የብርጭቆ ማስቀመጫ ነው ያስገባሁት። ይሄማ ውሃ አይቋጥርም። ድሮ ተሰብሮ ከጀርባው የተጣበቀ ነው። ውሃ እንዳላስጠጋው ሁሌ ያስጠነቅቁኝ ነበር።»

አረንጓዴው ብርጭቆ ተፈልጎ ከመደርደሪያውም ከካርቶኑም ጠፋ።

«ወንበር ላይ ይወጡ ነበር?»

«በምን ጉልበታቸው? ከላይ የማወርድላቸው እኔ ነኝ።»

ቀጥሎ የተጠራው ጀይላን ነው፤ ባቲ ውስጥ አሮጌ እቃ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ። ትናንት ጠዋት እዚህ ቤት እንደነበረ ራሱ ተናገረ።

«ሁሉንም ሊሸጡልኝ ነበር። ልጃቸው አፍናን አዳማ ወስዳ ልታኖራቸው ነው። ወላሂ፣ ሌላ የማውቀው የለም።»

«ሰማያዊውንም ሊገዙ ነበር?»

«እሱን አልፈለግኩትም። በጥፍሬ ሳንኳኳው ድምፁ የሞተ ነው፤ ስንጥቅ እንዳለው ያስታውቃል።»

ሦስተኛው አያ ሙሀመድአሚን ነበሩ፤ ከመንገዱ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ የቀድሞ ልብስ ሰፊ፣ የሟቹ የረጅም ዘመን ጓደኛ።

«በየቀኑ ከአስር ሶላት በኋላ እዚህ ይመጣሉ አሉኝ።»

«እመጣለሁ። ትናንት ግን ራሴን አሞኝ ተኝቼ ዋልኩ።»

«ስለ አዳማው ነግረውዎት ነበር?»

ሽማግሌው ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። «ሰው ወደ ልጁ ቢሄድ ምን ይባላል?» አሉ።

ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ ለቀብር ፈቀደ። ከቀብር መልስ ኢማን ሦስቱንም ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«አያ ጀሚል አልወደቁም» አለች። «የተደፉት በግንባራቸው ነው፤ ቁስሉ ግን ማጅራታቸው ላይ ነው። ነሐሱ ላይ ደም የለም። ወንበር ላይ የሚያስወጣ ጉልበትም አልነበራቸውም። የተመቱት ጠረጴዛው ላይ በነበረው አረንጓዴ ብርጭቆ ነው። የመታቸው ሰው ደም የነካውን ብርጭቆ መውሰድ ነበረበት፤ አበባው ግን ያለ ማስቀመጫ ቀረ። የተበተነ አበባ ደግሞ ያስጠይቃል። ስለዚህ በቅርብ ባገኘው ማስቀመጫ ሰካውና ውሃ ሞላበት። ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ፈሰሰ።»

ኢማን ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«ሌባ ቢሆን ነሐሱን ይወስድ ነበር እንጂ አበባ አይሰካም። ፋይዛ ሰማያዊው እንደሚያፈስ ታውቃለች። ጀይላን በጥፍሩ ለይቶታል። ይህን ቤት ለምዶ ይህን ግን የማያውቅ አንድ ሰው ቀርቷል።»

በዚህ መሃል አንድ ፖሊስ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ጋቢው ሲፈታ አረንጓዴው ብርጭቆ ታየ። ታጥቧል።

«ከአያ ሙሀመድአሚን አልጋ ራስጌ ነው ያገኘነው» አለ።

ኢማን ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ለምን አልጣሉትም?»

«የእሱ እቃ ነው። የት ልጣለው?» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ስንት ዓመት እዚህ ተቀምጠው አንዱንም ማስቀመጫ አላወቁትም።»

«ለእቃው አልነበረም የምመጣው። ስገባ ‹ኮቱ፣ ታኢ› ብሎ ወንበር የሚስብልኝ እሱ ነው። ና ተቀመጥ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም።» ወደ ካርቶኑ ተመለከቱ። «ትናንት ስገባ እቃውን ሲጠቀልል አገኘሁት። አትሂድ አልኩት። ‹ትለምደዋለህ› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ መጠቅለሉን ቀጠለ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ከዚያ በእጄ ምን እንደያዝኩ ያወቅኩት እሱ ከወደቀ በኋላ ነው።»

ፋይዛ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ጀይላን በዝግታ ተነስቶ ለሽማግሌው መንገድ ለቀቀላቸው።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ኢማን ደግፋ አስገባቻቸውና ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ለማን እንንገርልዎ?» አለቻቸው። «ቤተሰብ ወይም ዘመድ ካለ እንደውልለታለን።»

ሙሀመድአሚን በመኪናው መስኮት ወደ ጀሚል በር ተመለከቱ።

«የሚነገረው ሰው ጀሚል ብቻ ነበር» አሉ።