በሰርቨሩ ክፍል የተኛው ዘበኛ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ነበር። በጠባቧ ክፍል ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ ጃኬቱን አጣጥፎ ተንተርሷል፤ ጉንጮቹም ቀላ ብለዋል። ከራስጌው አቧራ የጠገበ ጥቁር ሣጥን ቆሟል፤ የተማሪዎቹ የኮምፒውተር ክበብ ሰርቨር ነው። ክበቡ የሠራቸው ድረ ገጾች በሙሉ የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነበር። ልጁ ይህን ሣጥን እንደ ዐይኑ ብሌን ስለሚጠብቀው ጓደኞቹ ስሙን ትተው «ዘበኛው» ይሉት ነበር።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለ ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ይዞታል። ግልጽ ጉዳይ ነው።»

«ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ጃኬቱን አጣጥፎ ይንተራሳል?»

እሷ ጎንበስ ብላ የልጁን መዳፎች አየች፤ ንጹሕ ናቸው። ትንሿ መስኮት ወለል ብላ ተከፍታለች። አስከሬን የሚመረምረው ሐኪም ከጉልበቱ ተነሥቶ ጓንቱን አወለቀ።

«የተቃጠለ ቦታ የለውም። ይህ ቅላት የጭስ መርዝ ነው። መርዙ ራሱ ሽታ የለውም፤ ራስ ያሳምምና ያደክማል፣ ከዚያ ያስተኛል። የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው።»

«ቢደረስለት ኖሮስ?»

«ንጹሕ አየርና ሆስፒታል ቶሎ ያገኘ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።»

መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ከሰርቨሩ ክፍል በር አጠገብ፣ ጉልበት በሚያህል ከፍታ፣ ግድግዳው ላይ ጥላሸት ተለጥፏል። በጣቷ ስትነካው ጣቷን አጠቆረው፤ አዲስ ነው። በኮሪደሩ ጫፍ ባለው በር ስትወጣ፣ ጓሮው ውስጥ ባለ ጎማ ጀነሬተር ቆሞ አገኘች። ቀትር ላይ የወረደው ዝናብ አፈሩን አጭቅይቶታል። ፖሊሱን ጠርታ «እስኪ ግፋልኝ» አለችው። ጀነሬተሩ ከቦታው ሲነሣ ከሥሩ ያለው አፈርም እንደ ሌላው ሁሉ ጭቃ ነበር።

ያየችው ነገር ደስ አላሰኛትም።

የክበቡ አባላት የሚሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አማካሪ መምህራቸው ከረባታቸውን ፈትተው ውሃ ይጠጣሉ። ድረ ገጾቹን የሚያስጌጠው፣ «ፒክስል» የሚሉት ቀጭን ልጅ ጥፍሩን ይበላል። የክበቡ ሊቀመንበር የሆነችው ተማሪ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

«ዛሬ ምን ነበር?» አለች መርማሪዋ መምህሩን።

«እንግዶች መጥተው ነበር። አስተዳደሩ ክፍሎቻችንን ለዕቃ ማስቀመጫ ይፈልጋቸዋል። የልጆቹን ሥራ ለእንግዶች አሳይተን ካላስደነቅን ክበቡ ሊዘጋ ነው። እላይ አዳራሽ ሰብስበናቸው ሳለ መብራት ጠፋ። ግን ድረ ገጾቹ አልተቋረጡም፤ በላፕቶፕ እያሳየን ጨረስን።»

«ሰርቨሩ በምን ይሠራ ነበር?»

«በባትሪው... መሰለኝ።»

ፒክስል ቀና አለ። «ባትሪው ከሞተ ቆየ እኮ መምህር! ነግረንዎታል። በጀነሬተር ነው እንጂ በምን ይሠራል?»

«አንተ ነህ ያስነሣኸው?» አለችው።

«እኔ ከእንግዶቹ ፊት ላፕቶፑ ላይ ተተክዬ ነው የዋልኩት። ይጠይቋቸው። ሲያልቅ ሊቀመንበራችን ዘበኛውን ጥራው ብላ ላከችኝ፤ ወርጄ አገኘሁት።»

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተሰዳድበሃል ይባላል።»

«የሠራሁትን ድረ ገጽ ዘጋብኝ። ቀዳዳ አለው፣ ሌባ ይገባበታል አለኝ። በሰው ፊት ደደብ ብዬ ሰደብኩት።» እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «እውነቱን ነበር። ቀዳዳ ነበረው። ዛሬ ይቅርታ ልለው ነበር።»

ሊቀመንበሯ ሳትጠየቅ ተናገረች። «እኔና እሱ ልንጋባ ነበር። ቤተሰብ ያውቃል።» ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል። «ጠዋት ራሴን አመመኝ ሲል ትንሽ ጋደም በል፣ ሰርቨሩን እኔ አየዋለሁ አልኩት። እሱ እንደሆነ ሲደክመው እዚያው ነው የሚተኛው። ያንኮራፋል እኮ፤ ቢጠሩት አይሰማም።»

«ከዚያ በኋላ አየሽው?»

«አላየሁትም። እንግዶች ሳስተናግድ፣ ስወጣ ስገባ ዋልኩ።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ በሩ ተከፍቶ የሟቹ ታላቅ እህት ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ማውጣት እንኳ አላስታወሰችም። ሊቀመንበሯ ተነሥታ ስታቅፋት ሁለቱም ጮኹ። መርማሪዋ እስኪረጋጉ ጠብቃ እህቲቱን ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት።

«መቼ ነው የተነጋገራችሁት?»

«ጠዋት ደውሎ፣ ለሱቄ የሠራልኝን ድረ ገጽ እንግዶች ስለሚያዩት እኔም እንዳየው ነገረኝ። ሥራዬን ትቼ በስልኬ ከፈትኩት። የሰፋኋቸውን ቀሚሶች እንዴት አሳምሮ እንደደረደራቸው! ዝናቡ ሲያባራ ግን ድንገት እምቢ አለኝ። ያበላሸሁ መስሎኝ ደወልኩለት።»

«አነሣው?»

«ስልኩ ተነሣ፤ የሚያናግረኝ ግን የለም። ማንኮራፋት ብቻ ነው የሰማሁት። ገረመኝ።»

«ለምን ገረመሽ?»

«አንኮራፍቶ አያውቅማ! በአንድ አልጋ ነው ያደግነው። ሲተኛ ትንፋሹ ስለማይሰማ እናታችን አፍንጫው ሥር እጇን እያደረገች ነበር መኖሩን የምታረጋግጠው።»

መርማሪዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ብዙ አስከሬን አይታለች፤ ብዙ ገዳይም አስራለች። እንዲህ የከበዳት ግን ብዙ አልነበረም።

«እዚህ ቆዪኝ» አለቻት። «አሁን የምናገረውን ባትሰሚ ይሻላል።»

«ወንድሜ ነው» አለች እህቲቱ። «እሰማለሁ።»

ሁሉም ተቀመጡ። መርማሪዋ ብቻ ቆማ ቀረች።

«ዘበኛውን የገደለው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ጭስ ነው» ብላ ጀመረች። «መብራት ጠፍቶ ባትሪውም ሞቶ ድረ ገጾቹ ሲሠሩ ነበር። ስለዚህ ጀነሬተሩ ተነሥቷል። ያለው ጓሮ ነው፤ ከላዩ ጣራ የለውም፤ ዝናቡም ዶፍ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ እዚያው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ይሆን ነበር። ከሥሩ ያገኘሁት ግን ጭቃ ነው። ወደ ጓሮው የተመለሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። በዝናቡ ሰዓት የት እንደነበር ኮሪደሩ ላይ ያለው ጥላሸት ይናገራል፤ ጭሱ በበሩ ሥር ነው የገባው።»

«ጀነሬተር ቤት ውስጥ አይገባም!» አሉ መምህሩ። «ክልክል ነው!»

«ክልክል ስለሆነ ነው ተመልሶ የወጣው። ሲነቀል ሰርቨሩ ጠፋ፤ ያኔ ነው ለእህቱ ድረ ገጹ እምቢ ያላት። ወዲያው ደወለች። ስልኩ ሲጮኽ አንድ ሰው ዝም ሊያሰኘው ብሎ በድንጋጤ አነሣው። እሷም ማንኮራፋት ሰማች። የእንቅልፍ አልነበረም፤ በጭስ የታፈነ ሰው ትንፋሽ ነበር። እንግዲህ ጀነሬተሩን ያወጣው ሰው ከልጁ አጠገብ ቆሞ ያንን ድምፅ ሰምቷል ማለት ነው።»

ፒክስል ጥፍሩን መብላት አቆመ።

«ዘበኛው በሕይወቱ አንኮራፍቶ አያውቅም። መምህሩ ከእንግዶቹ፣ ፒክስል ከላፕቶፑ አልተለዩም። ስትወጣ ስትገባ የዋለች አንዲት ሰው ናት። ያንኮራፋል ብላ የነገረችኝም እሷው ናት። አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ልጄ።»

ሊቀመንበሯ አልካደችም። ቀና ብላ መምህሩን አየች።

«ምንም ይሁን ምን እንዳይቋረጥ አሉኝ። ዝናቡ ጀነሬተሩን ሊያበላሸው ሆነ፤ አስገባሁት። ድምፁ እንዳይረብሸው ብዬ በሩን ዘጋሁለት። እንግዶቹ ሻይ ሊጠጡ ሲነሡ ወረድኩ። ብጠራው አይሰማም። ገባኝ... ወዲያው ነው የገባኝ። መስኮቱን ከፈትኩ። መጀመሪያ ጀነሬተሩን ላውጣ፣ ካዩት ክበቡ አለቀለት፣ እኔም ተባረርኩ አልኩ። አውጥቼ ስመለስ ስልኩ ጮኸ። ዝም ላሰኘው ስነካካው ተነሣ፤ ጥዬው ሮጥኩ። አየር ካገኘ ይነቃል አልኩ። እላይ ወጥቼ እንግዶቹን ሸኘሁ።»

«እየሳቅሽ ሸኘሻቸው» አለ ፒክስል ቀስ ብሎ። «አይቼሻለሁ።»

መምህሩ ብርጭቋቸውን ለማንሣት እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን አላነሡትም። «እኔ ግን ጀነሬተር አስገቢ አላልኩም» አሉ።

ፖሊሱ ሊቀመንበሯን ክንዷን ይዞ አስነሣት። በእህቲቱ ፊት ስታልፍ ቆመች፤ አንዳች ነገር ልትል አፏን ከፈተች። እህቲቱ ግን እሷን እያየቻት አልነበረም። የምታየው መርማሪዋን ነበር።

«ያኔ... ስደውልለት በሕይወት ነበር ማለት ነው?»

መርማሪዋ ሐሰት መናገር ትችል ነበር። «አዎ» አለች።

«ጮክ ብዬ ብጣራ፣ ሰው ብልክ፣ እየሮጥኩ ብመጣ...»

«አንቺ ምን ታውቂ? የኔ እናት፣ መስመሩ ቢቋረጥብሽ...»

«አልተቋረጠም።» እህቲቱ የመለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በእጇ ጠቀለለችው። «ስልኩ ክፍት ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ደክሞት ነው፣ ልተወው አልኩ። እንዳይነቃ ብዬ ነው የዘጋሁት።»