ማሰሮዎቹ ከተነቀሉ በኋላ የጮኸው ደወል

ስለ ዛርና ስለ ጅን ሲወራ ተነሥቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ አማቴ ወይዘሮ ወለቴም «ይሄ ሰውዬ መልአክ ቢመጣበት ክንፉን ካልለካሁ ይላል» እያሉ ያሙኛል። አሁን የምነግርህንም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ፣ እመነኝ፣ ስቄ አባርረው ነበር፣ ግን የደረሰው እዚሁ አንኮበር፣ በእኔው ቤት ነው።

በቤተ መንግሥቱ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ነበር፣ እኔም ሽቦ እየጎተትኩለት ኤሌክትሪክ የሚሉትን ነገር ከእሱ ተማርኩ። ማሰሮ ውስጥ ኮምጣጣ ውሃና ሁለት ዓይነት ብረት ታደርጋለህ፣ ከዚያ ሁለት ሽቦ፣ በአንዱ ጫፍ ደወል፣ በሌላው ጫፍ በጣት የሚጫኑት ቁልፍ፣ ቁልፉ ሲጫን ሽቦው ይገጥምና ደወሉ ይጮኻል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ማሰሮው በዝቶ፣ ሽቦው ተወሳስቦ ግራ ሲገባኝ ፈረንጁ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ሁሉን አንድ ላይ አታይ፣ አንድ ቦታ ቁረጥ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለአንተ አንድ ማሰሮ፣ አንድ ሽቦ ነው፣ በቃ!» ይለኝ ነበር።

ያን ክረምት ባለቤቴን አስካለን ፈንጣጣ ያዛት። እንደ አገሩ ደንብ ከሰው ተለይታ ቁልቁል ካለው ጎጆ ገባች፣ ምግቧን ደጃፏ ላይ አስቀምጠን እንመለሳለን፣ ወደ እሷ የገባ ደግሞ ተመልሶ ከሰው አይቀላቀልም፣ ቤት ውስጥ ጡት ያልጣለች ልጅ አለችን። እኔም ማሰሮዎቹንና ደወሉን ከቤቴ አድርጌ፣ ሽቦውን በመካከል ባለው ጥድ ላይ አሳልፌ፣ ቁልፉን ከመኝታዋ አጠገብ ሰቀልኩላት። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ትደውላለች፣ አለሁ ማለቷ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ደወሉ ዝም አለ።

ሽቦው ነው ብዬ ተነሣሁ። ከቤት ሁለቱን ጫፍ ሳነካካ ጮኸ። ወርጄ ጥዱ ሥር አነካካሁ፣ ወይዘሮ ወለቴ ከላይ ሆነው «ጮኸ!» አሉኝ። ከጎጆዋ ግድግዳ አጠገብም እንዲሁ፣ «ጮኸ!» ሽቦው ደኅና ነው፣ ማሰሮው ደኅና ነው፣ እንግዲህ የቀረችው አስካለ ብቻ ናት። በግድግዳው ብጠራት መልስ የለም። ሽቦው ተበጥሶ በሆነ ብዬ ተመኘሁ፣ የእጄን ሥራ ተበላሽቶ ባገኘው ብዬ ስመኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ሊመሽ ሲል፣ ጉሙ ደጃፋችን ድረስ ወጥቶ፣ ወይዘሮ ወለቴ ነጠላቸውን ለኀዘን አዘቅዝቀው ለብሰው ሳለ ደወሉ ጮኸ። ቆም አለ። ደግሞ ጮኸ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደሚቀሰቅስ ሰው።

«አለች! ልጄ አለች!» ብለው ዘለሉ።

እኔ ክፉ፣ «ቆይ እስቲ እማማ፣ ሽቦው በጉሙ ርሶ ተነካክቶ ይሆናል» አልኩና አንደኛውን ማሰሮ ነቀልኩ። ጮኸ። ሁለተኛውን ነቀልኩ፣ የመጨረሻውንም ነቅዬ ከደጅ አወጣሁት፣ ስማኝ ወዳጄ፣ ደወሉ ባዶውን ጮኸ! እንደ ፈረንጁ ትምህርት ከሆነ በወዲያኛው ጫፍ ማሰሮ አለ ማለት ነው። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ግን አስካለ ናት።

«እማማ፣ ልጅቷን አደራ» አልኩ።

«ሂድ ልጄ፣ እኔ አለሁላት፣ ሂድ!» አሉኝ።

ደንቡንም በሽታውንም ረስቼ ገባሁ። አስካለ ትኩሳቷ ለቋት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ቁልፉ ከተሰቀለበት ወድቆ እጇ ከማይደርስበት ጥግ ነው። አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

«ምን ሆነህ ነው ቀኑን ሙሉ ስትደውልብኝ የዋልከው?» አለችኝ በደከመ ድምፅ። «ልሄድ ልሄድ ስል ትደውላለህ፣ እሺ መጣሁ እያልኩ እመለሳለሁ። ልብ አድርቅ!»

እሷ ዘንድ ደወል የለም። አልሰቀልኩላትም።

እስክትድን እዚያው አብሬያት ተቀመጥኩ፣ በሽታውም ሳይነካኝ ሁለታችንም ወደ ልጃችን ተመለስን። ፈረንጁ ነገሩን ስነግረው ማሰሮዎቹን ደጋግሞ አየና ወሬ ለወጠ። ሽቦውን ጠቅልዬ ካስቀመጥኩት ቆይቷል። አስካለ ግን አሁንም ምድጃ ዳር ተቀምጠን ድንገት ቀና ትልና «ደወልክ?» ትለኛለች።

«አዎ» እላታለሁ።